ያልተፈተነው ክር

«ጋሼ፣ ዛሬስ ሙቀቱ አልበዛም? ... ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ደረጃው አላስቸገረዎትም?»

የሳተላይቷን ሽቦዎች የምትበይደው ሴት ይህን ለዕቃ ቤት ኃላፊው ስትል ዓይኗ ገርበብ ባለው የአለቃው በር ላይ ነበር። ከፊቷ በሁለት እጅ የምትታቀፍ ሁለተኛዋ ትንሽ ሳተላይት ተቀምጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታሽጋ ትላካለች።

«እንዲያው ቆራጥ ሰው ደስ ይለኛል። እኛ ፈሪዎቹ አንዲት ክር ሁለት ቀን ብርድ ውስጥ ካላቆየን እንቅልፍ አይወስደንም። አንዳንድ ሰው ግን ... ስለማንም አይደለም ... የፍተሻ ቅጹን ሲያይ ብቻ ብርዱ ይገባዋል። ተሰጥኦ ነው!

«የመጀመሪያዋን ያስታውሷታል? አንቴናዋን አጥፈን በክር ያሰርናትን? ላይ ጠፈር ስትደርስ ክሩን የነካው ሽቦ ግሎ ያቀልጠዋል፣ አንቴናው ይዘረጋል ተባለ። ደግሞ ተሞክሯል እኮ! መስኮት ሥር፣ በጠራራ ፀሐይ። አጨበጨብን። የላዩ ብርድ ግን ጭብጨባችንን አልሰማ ... ይኸው ዘጠኝ ወሯ፣ ድምፅዋ የለም።»

ስለ መጀመሪያዋ የተጻፈው ሪፖርት ጥፋቱን «የቋጠሮ ስህተት» ብሎት ነበር። የቋጠረችው እሷ ናት። የዛሬዋንም የቋጠረችው እሷው ናት።

«‘ርካሽ ናት፣ የሙከራ ናት፣ ከስህተት እንማራለን’ ተባልን። እውነት ነው። እኔ ተምሬአለሁ፤ እርስዎም ተምረዋል። ያልተማረ ካለ ... እንግዲህ ሁሉን ለሚያውቅ ሰው ትምህርት ምን ይሠራለታል?»

ከበሩ ወዲያ የኮምፒውተሩ ቁልፍ መንኳኳቱን አቆመ። የዕቃ ቤት ኃላፊው ብሎኖቹን እንደ አዲስ ይለያይ ጀመር። እሷ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«የብርድ መሞከሪያው ክፍል ሳምንቱን ሙሉ አልተከፈተም፤ ‘ተፈትኗል’ የሚለው ፊርማ ግን ቀድሞ ደርሷል። ቅልጥፍና ማለት ይህ አይደል? የክፍሉ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው መሰለኝ ... አይ፣ ዝም ብዬ ነው። ማን ይጠይቅዎታል?

«ብቻ ለእኚያ ቆራጥ ሰው ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። ክፉ አይንካብን። ምናልባት ቢታመሙ እንኳ፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ልበ ሙሉ ሐኪም ይዘዝላቸው ... ሳይነካቸው፣ ቀና ብሎም ሳያያቸው፣ ‘ጤነኛ ነዎት’ ብሎ የሚፈርምላቸው። አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ!»