የአያ ሙላቴ ክብሪት

አያ ሙላቴ የወንዛዬን ጠበል በጀሪካን ይዘው ሐሙሲት ላይ ሚኒባስ ሲሳፈሩ፣ አጠገባቸው ከተቀመጠችው ወጣት ከረጢት ውስጥ የሽማግሌ ጢም ብቅ ብሎ አዩ። ጢም ብቻውን፣ ያለ ባለቤቱ! አማተቡ።

"አይዞዎት አያ ሙላቴ፣ የበግ ፀጉር ነው" ብላ ሳቀች። ዓይናለም ናት፣ ከቤሩት የተመለሰችው የጎረቤታቸው የፈንቴ ልጅ።

"አንቺ ነሽ እንዴ! ልጆች ታስቀልዳለች የሚሉሽ እውነት ነዋ?"

"ቴአትር ነው የማሠራቸው። ትምህርት ቤቱ ግቢውን ሰጠን፣ የወጣት ማዕከሉ ልብሱን፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደግሞ የምናሳየው ነገር ትክክል መሆኑን ታይልናለች። ይህን ጢም እንኳ የሠራችልን እናቴ ናት።"

"ዳዊት ይድገሙ፣ ቀለም ይቁጠሩ እንጂ! የጨዋ ልጅ ጢም ለጥፎ በአደባባይ ቢንጎራደድ ምን ይረባዋል?"

"እንዴት አይረባው? ስሙን ሲጠይቁት የሚያለቅስ ልጅ ነበረን፤ ዛሬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ ይናገራል። እኔስ ብሆን? ሰው ቤት አፌን ዘግቼ ኖሬ ስመለስ ከእናቴ ጋር እንኳ ማውራት አቅቶኝ ነበር። ያናገሩኝ እነዚህ ልጆች ናቸው።" ጢሙን ወደ ከረጢቷ መለስ አድርጋ፣ "ለመሆኑ ፈንታነሽ ደህና ናት? ከትምህርት ቤት ከቀረች ቆየች" አለች።

"ባሕር ዳር ናት። አክስቷ ዘንድ" አሉ አያ ሙላቴ፣ ጀሪካኑን በእግራቸው ወደ ወንበሩ ሥር እየገፉ።

ውሸታቸውን ነው! የልጅ ልጃቸው ፈንታነሽ ባሕር ዳርን በዓይኗ አይታት አታውቅም። የሚጥል በሽታ ክፍል ውስጥ ጣላትና ልጆቹ "ይተላለፍብናል" ብለው ሲሸሹ፣ አያት ሆዬ ልጅቱን ከነእፍረታቸው ጓዳ ደበቋት። በጣላት ቁጥር ክብሪት ጭረው ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ይይዙላታል፤ ከአባታቸው ያዩት ይህንኑ ነበር። ጠልተዋት አይደለም። እንዲያውም ከዓይናቸው ብሌን አይለዩዋትም፤ ግን ሰው ምን ይለኛል የሚሉት ነገር ወገባቸውን ይዟቸዋል።

ዓይናለም ስትወርድ፣ "እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይምጡ። ካስጠላዎት ይህን ጢም በክብሪት ለኩሰው ያቃጥሉብኝ" አለቻቸው።

"ቃልሽን እንዳትረሺ!" አሉ፤ ሳይወዱ ሳቁ።

እሁድ ሄዱ፤ እውነቱን ለመናገር፣ የሄዱት ጢሙን ለማቃጠል ነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጥላዬ የሚባል ልጅ ያን ጢም ለጥፎ እየተጎማለለ ሰዉን አሳቀው። ቀጥላ አዲስዓለም የምትባል ልጅ ጀሪካን ይዛ ወጣች፤ መሀል ላይ ስትደርስ ወደቀች። ተንቀጠቀጠች። ልክ እንደ ፈንታነሽ።

አያ ሙላቴ ቴአትር መሆኑን ረሱት። "ክብሪት!" እያሉ ሰዉን እየገፉ ሮጡ፤ ከኪሳቸው አውጥተው ጫሩና ልጅቱ ላይ ጎንበስ አሉ።

ባለጢሙ ጥላዬ እጃቸውን ያዘ። "አባባ፣ ያጥፉት። ያቃጥላታል እንጂ አያነቃትም። በጎኗ እናስተኛት፣ አፏ ውስጥ ምንም አንክተት፣ እስኪያልፍላት አጠገቧ እንቆይ።"

ሰዉ የቴአትሩ ክፍል መሰለውና አጨበጨበ። አዲስዓለም አንድ ዓይኗን ገልጣ አየቻቸው። ፊቷ ንጹሕ ነው፤ አንድም ጠባሳ የለበትም። ያን ጊዜ የፈንታነሽ የላይ ከንፈር ትዝ አላቸው፤ ክብሪቱ ደጋግሞ የላሰው። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ!

ዓይናለም ከክፍሎቹ ጀርባ ጋቢያቸውን ተከናንበው አገኘቻቸው።

"ማን ነገራችሁ?" አሉ ቀና ሳይሉ። "የእኔን ገመና ማን አወጣው?"

"ማንም አልነገረን። ከንፈራቸው የተቃጠለ ልጆች ጤና ጣቢያ እየመጡ፣ ነርሷ 'ብናገር ብናገር ሰሚ አጣሁ፤ እስቲ እናንተ አሳዩልኝ' ብትለን ነው። አብረን የምንሠራው ለዚህ ነው። እሷ ታውቃለች፣ ልጆቹ ያሳያሉ፣ እናንተ ታያላችሁ።"

"ጠበሉስ?"

"ማን ይተዉ አለዎት? ጠበሉንም ትጠጣ፣ ሐኪም ያዘዘውንም ትዋጥ። በሽታው ከሰው ሰው አይተላለፍም። መድኃኒቱን ካላቋረጠች ብዙውን ጊዜ ጋብ ይላል፤ ትምህርቷንም ትማራለች።"

"ትማራለች አልሽ?"

"ማን፣ አያ ሙላቴ? ባሕር ዳር ያለችዋ?"

እንደ ልጅ አለቀሱ።

ሰኞ ጠዋት የፈንታነሽን እጅ ይዘው በዋናው መንገድ ወጡ። ልጅቱ ፀሐዩ አስቸግሯት ዓይኗን ታሻለች። ፈንቴ ከደጃፏ ሆና፣ "እሰይ ፈንታነሽ! ከባሕር ዳር መቼ ገባሽ?" አለች።

ልጅቱ ግራ ገብቷት አያቷን ቀና ብላ አየች። አያ ሙላቴ እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

"የትም አልሄደችም፣ ፈንቴ" አሉ። "ጓዳ ደብቄያት ነው። አፍሬባት።"

ፈንቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጤና ጣቢያ ድረስ አብራቸው ሄደች።

እንግዲህ ወገኔ፣ ልጆች ጢም ለጥፈው ቢንጎራደዱ ምን ይረባል ለሚል ሰው መልሱ ይኸው። ፈንታነሽ መድኃኒቷን ጀምራ ክፍሏ ተመለሰች። አንድ ቀን ቢጥላት እንኳ የሸሸ ልጅ አልነበረም፤ በጎኗ አስተኝተው አጠገቧ ተቀመጡ። በሰፈሩም ልጅ ሲወድቅ ክብሪት ፍለጋ የሚሮጥ እየጠፋ ነው። ነርሷ ብቻዋን፣ ትምህርት ቤቱ ብቻውን፣ ዓይናለምም ብቻዋን ይህን ባልቻሉት ነበር።

ቴአትሩ እንደገና ሲዘጋጅ ሽማግሌው እንደ አያ ሙላቴ ክብሪት እንዲጭር ተደረገና፣ ፈንታነሽ ቦታውን ለመነች። ጥላዬ ጢሙን አልሰጥም ብሎ ቢያስቸግር፣ "አያቴን ከእኔ በላይ ማን ያውቃቸዋል?" አለችው። ሰጣት።

አያ ሙላቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጢም የለጠፈችው የልጅ ልጃቸው ክብሪቱን ጭራ በወደቀችው ልጅ ላይ ጎንበስ ስትል፣ ባለጠባሳው ከንፈሯ በእሳቱ ብርሃን ታያቸው። አንገታቸውን ሊደፉ ፈለጉ፤ አልደፉም። ከሁሉ ቀድመው ተነሡና፣

"አጥፊው፣ ልጄ!" ብለው ጮኹ።