ነጭ ተብላ የተመዘገበችው ድመት

(ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ረፋድ። ባለቤት የሌላቸው ድመቶች እንዳይባዙ በነፃ ቀዶ ጥገና በሚደረግበት የእንስሳት ክሊኒክ ጓሮ፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ በጎ ፈቃደኛ ቤዛዊት ባዶ የሽቦ ኬጆች ታጥባለች፤ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ዳንጊሶ በገመድ የታሰረ ካርቶን ታቅፈው አጠገቧ ቆመዋል።)

ዳንጊሶ፦ ሌላ ድመት ስጪኝ አላልኩሽም። የወሰድሽውን መልሺልኝ ነው ያልኩሽ።

ቤዛዊት፦ መለስኩልዎ እኮ ጋሼ። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ በዚህ በእጄ ነው ኬጁን የከፈትኩት። ፈርሜያለሁም።

ዳንጊሶ፦ የፈታሽው ነጭ ድመት ነው።

ቤዛዊት፦ የወሰድኩትም ነጭ ነው። ይኸው ፎርሙ፤ «ቁጥር ሰባት፣ ወፍጮ ቤት፣ ቀለም ነጭ።» የእጅ ጽሑፌን አይተው አይፍረዱብኝ፣ እየተወራጨችብኝ ነው የጻፍኩት።

ዳንጊሶ፦ አንቺ ልጅ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነጭ ያልሆነ ማን አለ? ሐሙስ ማታ እኔንም ብትይዥኝ ነጭ ብለሽ ነበር የምትመዘግቢኝ።

ቤዛዊት፦ እርስዎን ኬጁ አይችልዎትም።

ዳንጊሶ፦ ስሟ ፉርሽካ ነው። ነጭ ብትሆን ዱቄት እላት ነበር። ዱቄቱ ሲራገፍላት ግራጫ ናት፣ ዥንጉርጉር። ያመጣሽው ደግሞ ወንድ ነው።

ቤዛዊት፦ በምን አወቁ?

ዳንጊሶ፦ ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ቤዛዊት፦ ከቀዶ ጥገና በኋላ ብዙ ነገር ይለወጣል ጋሼ። ባህሪያቸው…

ዳንጊሶ፦ ከሴት ወደ ወንድ?

ቤዛዊት፦ …እንደዚያ እንኳ አይደለም።

ዳንጊሶ፦ ማታ አይጥ በፊቱ ስታልፍ እግሩን ሰብስቦ አሳለፋት። ዛሬ ጠዋት ከቂጣዬ ቆርሼ ብሰጠው አሸተተና፣ አሣው የታለ በሚል ዓይን አየኝ። እኔ ከአላሙራ ተራራ ሥር ሆኜ አሣ ከየት ላምጣለት? ይሄ ድመት የሐይቅ ዳር ድመት ነው።

ቤዛዊት፦ ምናልባት ሰው አሣ አስለምዶት ይሆናላ።

ዳንጊሶ፦ እጅሽን ምን ነካው?

ቤዛዊት፦ ይሄ? የኬጅ ሽቦ ነው።

ዳንጊሶ፦ ሽቦው አራት ጥፍር አለው?

ቤዛዊት፦ ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ዶክተር ምንትዋብ ሳይጨርሱ ይሄን ሁሉ ማጠብ አለብኝ። ካርቶኑ ውስጥ ምን አለ?

ዳንጊሶ፦ ምሳዬ ነው።

ቤዛዊት፦ ምሳዎ ሲጮህ ሰማሁት።

ዳንጊሶ፦ እንግዲያው ፍቺና እዪው። ገመዱን እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ ቀስ በይ።

ቤዛዊት፦ …የድመት ልጆች! ሦስት ናቸው።

ዳንጊሶ፦ አራት ነበሩ።

ቤዛዊት፦ መቼ?

ዳንጊሶ፦ ሌሊት። የላም ወተት በጨርቅ ነክሬ አፋቸው ላይ አደረግኩላቸው። እነዚህ ትንሽ ላሱ። አራተኛው ጨርቁን እንኳ አልነካም። ጠዋት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቀበርኩት።

ቤዛዊት፦ እርስዎ እኮ አልወለደችም ብለውኛል። ሐሙስ ማታ ወጥመዱን ሳስቀምጥ ጠየቅኩዎት። መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነው፤ የምታጠባ እናት ልጆቿ ራሳቸውን ችለው እስኪበሉ አትያዝም ነው ሕጉ። ሁለቴ ነው የጠየቅኩዎት። ሁለቴ አልወለደችም አሉኝ።

ዳንጊሶ፦ እትዬ ወይንሸት ከኋላሽ ቆመው ነበር።

ቤዛዊት፦ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት? ቢቆሙስ?

ዳንጊሶ፦ አንዲት ድመት ለአይጥ ትበቃኛለች፣ ከወለደች ግን እናትም ልጅም በከረጢት ይወጣሉ፣ አንተም አብረህ ትወጣለህ ብለውኛል። እኔ ደግሞ ልጆቹን ከፉርሽካው ከረጢት ጀርባ ደብቄያቸው ነበር። እና ስትጠይቂኝ ምን ልበል? አልወለደችም አልኩ። ማታ ትወስጃታለሽ፣ በነጋታው ትመልሻታለሽ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ አሰላሁ። የኔ ሐጢአት ይሄው ነው። አሁን ያንቺን ንገሪኝ።

ቤዛዊት፦ የኔ ምንም የለ…

ዳንጊሶ፦ ቤዛዊት። ስምሽ እዚያ ደረትሽ ላይ ተጽፏል። ንገሪኝ።

ቤዛዊት፦ ትናንት ከትምህርት ቤት ስመጣ ድመቶቹ ሁሉ ቀዶ ጥገናው ተሠርቶላቸው፣ የግራ ጆሯቸው ጫፍ ለምልክት ተቆርጦ፣ ከማደንዘዣው ነቅተው ተጋድመዋል። እኔ ኬጆቹን ከውጭ ስጠርግ የወረቀት ቁጥሮቹን ውሃ አጠፋቸው። ለዶክተር መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። ፎርሙን ይዤ በቀለም አመሳሰልኳቸው። ወፍጮ ቤት፣ ነጭ። አንድ ነጭ አለ፣ ጎሽ አልኩ። የአሣ ገበያዎቹ ፎርም ላይ ቀለም ስላልተጻፈ፣ የተቀሩት ግራጫዎች በሙሉ ከሐይቅ ዳሩ አሣ ገበያ የመጡ ናቸው ብዬ ወሰንኩ።

ዳንጊሶ፦ ፉርሽካንም ጨምረሽ።

ቤዛዊት፦ ዶክተር ለቀዶ ጥገናው ሲጠርጓት ዱቄቱ ወጥቶላት ነው። እኔ ያን ሰዓት ትምህርት ላይ ነኝ፣ በምን አውቃለሁ። ዶክተር ደግሞ፣ አንዷ ግራጫ ወተት አላት፣ የሆነ ቦታ ልጆች ይጠብቋታል፣ ከሁሉም በፊት እሷን ከተያዘችበት ደጃፍ አድርሺ አሉኝ። አደረስኳታ። ከሁሉም በፊት። አሣ ገበያ።

ዳንጊሶ፦ እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። ስህተት ሰውን እንዲህ አንገት አያስደፋም። ከስህተቱ በኋላ ያለውን ንገሪኝ።

ቤዛዊት፦ …የእርስዎ በር ላይ ኬጁን ልከፍት ስል ድመቱ አሣ አሣ ሸተተኝ። ዞር ሲል ደግሞ ወንድ መሆኑን አየሁ። ሐሙስ የያዝኳት ሴት ናት፣ አውቃለሁ። ያኔውኑ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ወተት ያላት የእናንተዋ ናት። ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል፣ የጓደኛዬ ልደት ነው፣ ጀልባ ላይ ሊወጡ እኔን ብቻ ነው የሚጠብቁት። ለራሴ ድመት ድመት ነው አልኩና ከፈትኩት። ፈረምኩ። ሄጄም ኬክ በላሁ።

ዳንጊሶ፦ ጣፈጠሽ?

ቤዛዊት፦ ሁለት ቁራሽ ነው የበላሁት። ይሄን ባይጠይቁኝ ይሻል ነበር።

ዳንጊሶ፦ እሺ። ጭረቱስ?

ቤዛዊት፦ ዛሬ ሲነጋ አሣ ገበያ ሄጄ ነበር። ጀልባዎቹ ሥር ሠላሳ ድመት አለ። ግማሹ ግራጫ፣ ጆሮው የተቆረጠ። ሁሉም ፉርሽካን ይመስሉኛል፣ ያኔ ስሟ ፉርሽካ መሆኑን እንኳ አላውቅም። አንዷን ልይዝ ስል ይሄን ሰጠችኝ። አሣ የሚበልቱት ልጆች ሳቁብኝ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሳይቀሩ ቆመው እያዩኝ ነበር።

ዳንጊሶ፦ እኔ ብጠራት ትመጣለች። የዱቄት መስፈሪያውን ጣሳ ሦስት ጊዜ ከመታሁላት ከሞት ትነሳለች። ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው።

ቤዛዊት፦ ጣሳውን ይዘው መጡ? እዚህ እንደሌለች ያውቁ ነበር ማለት ነው?

ዳንጊሶ፦ የት እንዳለች አላውቅም። አንቺ እንደምታውቂ ግን በሩ ላይ ስታዪኝ አወቅኩ። አሁን ተነሺ፣ እስከ ሰባት ሰዓት ነው ፈቃዴ። ለእትዬ ወይንሸት ጥርሴን አሞኛል ብያለሁ።

ቤዛዊት፦ በእጅ አትያዝም ጋሼ፣ ሆዷ ስፌት ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ብትፈናጠር ይተረተራል። ኬጅ ያስፈልገናል። ኬጅ ደግሞ ያለ ዶክተር ፊርማ ከግቢ አይወጣም። የማውጫ ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል መስመር አለው።

ዳንጊሶ፦ እና ሙዪዋ።

ቤዛዊት፦ ከሰኞ ጀምሮ መዝገቡን አንቺ ትይዣለሽ፣ ቀዶ ጥገናም ገብተሽ ታያለሽ ብለውኛል። ከዘጠኙ በጎ ፈቃደኞች እኔን ብቻ። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? ፈርመሽ የመለስሽውን ዞሬ ማየት አያስፈልገኝም አሉ።

ዳንጊሶ፦ አሁን ግን ዞረው ሊያዩ ነው።

ቤዛዊት፦ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?

ዳንጊሶ፦ ሽማግሌው አሳሳተኝ በያቸው። ነጭ ናት አለኝ፣ አልወለደችም አለኝ በይ። አንዱን እንደሆነ በእርግጥም ዋሽቻለሁ፣ ሁለተኛው ምን ይጨምርብኛል? እሳቸው እኔን አያውቁኝም። አንቺን ያውቁሻል።

ቤዛዊት፦ እርስዎም ፊታቸው አዎ ይሉልኛል?

ዳንጊሶ፦ እላለሁ። ፉርሽካ ትምጣልኝ እንጂ።

ቤዛዊት፦ እውነትዎን ነው? አይዞሩብኝም?

ዳንጊሶ፦ አልዞርም። ብቻ ቶሎ ጻፊ፤ ትንሿን እያት፣ ጣትሽን ጡት መስሏት እየጠባች ነው።

ቤዛዊት፦ ወተት የለኝም እኮ አንቺ። ተይ። …ጋሼ፣ አልተወችኝም።

ዳንጊሶ፦ ዶክተሯ ጓንታቸውን እያወለቁ ወጡ። ጻፍሽ?

ቤዛዊት፦ በግራ እጄ እየጻፍኩ ነው፣ ቀኙ ተይዟል።

ዳንጊሶ፦ ነጭ ናት አለኝ ብለሽ ጻፍሽ?

ቤዛዊት፦ አልጻፍኩም። አልወለደችም ያሉኝንም አልጻፍኩም፤ የእርስዎን እርስዎ ይንገሯቸው። እዚህ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ዳንጊሶ፦ ታዲያ ምን አልሽበት?

ቤዛዊት፦ ዶክተር፣ አንድ ኬጅ ይፈርሙልኝ። ምክንያቱን ላንብብልዎት፤ ጽሑፌ አይነበብም። «ትናንት ወፍጮ ቤት በር ላይ የፈታሁት ድመት የእነሱ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝ ነው የፈረምኩት።»