ከገደሉ አናት የመጣ ጩኸት

በደርግ ጊዜ ነው፤ ክረምት ብቻ የሚወርደውን ፏፏቴ ልይ ብዬ ከአሊዩ አምባው ነጋዴ ከሰይድ ጋር ቆላ ወረድኩ። ሙቀቱ እንኳን ሰው፣ ድንጋይ ያስለቅሳል! በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ሄደን ገደሉ ሥር ስንደርስ ጠብታ ውሃ የለም። አንድ ታጣቂ ግን ከኋላችን ጠመንጃውን ደገነብን። "እጅ ወደ ላይ! ምን ትሠራላችሁ?"

"ፏፏቴ ልናይ ነው፣ ጓድ።"

"የቱን ፏፏቴ? ለሽፍታ ስንቅ አቀባይ ናችሁ!"

ይኼኔ ከገደሉ አናት ጩኸት ተነሳ። ቆለኞች ደጋው ላይ ሲዘንብ ከጉብታ ጉብታ እየተጣሩ ነው እርስ በርስ የሚያስጠነቅቁት።

"ወላሂ ደራሽ ጎርፍ ነው፣ ከአሸዋው እንውጣ!" አለ ሰይድ።

"ሽፍቶቹ ናቸው የሚጠሯችሁ! ንቅንቅ ብትሉ እተኩሳለሁ!"

ከፊት ጎርፍ፣ ከኋላ ጥይት፤ ነፍሴ በጆሮዬ ልትወጣ ስትል መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ታጣቂው ደንግጦ ቀና ሲል ሰይድ በአንገትጌው፣ እኔ በቀበቶው ይዘን አጠገባችን ያለ ቋጥኝ ላይ ወረወርነውና ተከትለን ወጣን። ፏፏቴው ከገደሉ ወርዶ፣ ዝሆን የሚያህል ድንጋይ እያንከባለለ በእግራችን ሥር አለፈ።

"እነማን ነበሩ የሚጮኹት?" አለኝ ታጣቂው ቆይቶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

"ሽፍቶቹ ናቸዋ! 'ጓድን ከአሸዋው አውጡልን' እያሉ።"

ሊስቅ ፈልጎ ጥርሱ አልታዘዝ ቢለው፣ በእጁ "ሂዱ" አለን።