የወንበሩ ቀለበት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ፂሙን ሊላጭ ፀጉር ቤት ገባ፤ በተቀመጠበት ወንበርም ላይ መዞር ጀመረ። ማንም አልገፋውም። ወንበሩ በራሱ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ዞረ፤ መቆም ካለበት ቦታ ሲደርስም አልቆመም።

አሰልጣኙን ያመጣው ፂሙ ብቻ አልነበረም። የፀጉር አስተካካዩ የወንድም ልጅ፣ እዚያው ቤት በሁለተኛው ወንበር የሚሠራው ወጣት፣ የአሰልጣኙን ልጅ ለጋብቻ ጠይቋል። ለአሰልጣኙ ያለችው እሷ አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ሽማግሌዎች መጥተው ሄደዋል፤ መልሱ ነገ ይጠበቃል። አባት እሺም እምቢም ከማለቱ በፊት የወጣቱን ጠባይ ካሳደገው አጎቱ አፍ መስማት ፈለገ። ስለዚህ አንገቱ ላይ ጨርቅ ሲታሰርለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ እንዴት ያለ ልጅ ነው?» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ በመልስ ፈንታ የአረፋውን ብሩሽ እስከ ከንፈሩ ድረስ አዞረበት። ከዚያ በኋላ አሰልጣኙ የመናገር ዕድል አላገኘም።

«እሱን እንደርስበታለን፤ ምን ያስቸኩላል? አንተ ራስህ ደህና ነህ ግን? ሰማዩስ ሰሞኑን ምን ሆኗል? ልዘንብ ነው፣ ልዘንብ ነው እያለ ይቀራል… እንደ አንዳንድ ሰው። ተማሪስ አለ? ያቺ ወደ ኋላ መንዳት እምቢ ያላት ሴትዮ ፈተናውን አለፈች? ተው ተው፣ አትመልስ፣ አረፋው ይገባብሃል። ታልፋለች። አንተ እጅ የገባ ሰው መቆም ሳያውቅ አይወጣም፤ ሁልጊዜ የምለው ነው። መንዳትማ ማንም ይነዳል… ቁም ነገሩ መቆሙ ላይ ነው።»

ምላጩ ጉንጩ ላይ አረፈ፤ ወንበሩም ዞረ። መስታወቱ አለፈ። ቀጥሎ መንገዱን የሚያሳየው በር አለፈ። ቀጥሎ ወጣቱ መጣ፤ ቀኝ እጁን በፋሻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በግራ እጁ የተቆረጠ ፀጉር ይጠርጋል። ጆሮው ቀልቷል። ከዚያ መስታወቱ ተመለሰ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ሊያስቆመው አልሞከረም። ምላጩን እንደያዘ፣ ዘመኑን ሁሉ እንዲህ ሲሠራ እንደኖረ ሰው፣ አብሮ ይዞር ነበር።

«ወንበሩን ነው የምታየው? አይዞህ፣ እኛ ለምደነዋል። ደንበኛም ወዶታል። ዱሮ ሰው እዚህ ተቀምጦ የሚያየው የራሱን ፊት ብቻ ነበር… ያ ደግሞ ለሁሉም አይመከርም። አሁን ፂሙን እየተላጨ አካባቢውን ይጎበኛል። ይሄ ሁሉ ታዲያ በማን ነው? ስም አልጠራም። ስም ከተጠራ ሐሜት ይሆናል፤ ሐሜት ደግሞ እንደማልወድ ታውቃለህ። እኚያ ባለሙያ ብዬ ልለፈው። አንቱ ያልኳቸው በዕድሜያቸው እንዳይመስልህ… በዕድሜማ ትናንት የተወለዱ ናቸው። አንተን አንተ የምልህ ወንድሜ ስለሆንክ ነው። እሳቸውን ግን ሥራቸውን ካየሁ ወዲህ ከአንቱ ዝቅ ልበል ብል ምላሴ አይታዘዝልኝም።»

አሰልጣኙ እኚያ ባለሙያ ማን እንደሆኑ ለማወቅ አልተቸገረም። መጥረጊያ የያዘውን ወጣት ጆሮ ማየት ብቻ በቂ ነበር። በአረፋው ስር ፈገግ አለ፤ የመጣበትን ሊሰማ ነው።

«ያቺን እዚያ ግድግዳ ላይ የነበረችውን ኮርሳ ብስክሌቴን ታስታውሳታለህ? አዎ፣ ባለ ማርሿን። በጎረምሳነቴ ተወዳድሬባታለሁ። አላሸነፍኩም፣ ግን ጨርሻለሁ… ያኔ መጨረስም ወግ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሰቅያት ስኖር፣ ለካ በሽተኛ ናት! እኔ መሃይሙ በምን ልወቅ? እኚያ ባለሙያ አንድ ቀን ቀና ብለው አዩዋትና ‹ይህቺ ብስክሌት ብዙ ነገር አላት› አሉ። ብዙ ነገር መኖር በሽታ ነው ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ የሚያመው ማጣት ይመስለኝ ነበር…

«ማርሹን ፈቱላት። የማርሹን ሽቦ ፈቱላት። መሪዋን ገለበጡላት፤ አሁን ወደ ሰማይ እየለመነች ነው የምትሄደው። ካቴናዋን አሳጠሩላት። ከዚያ ያን ሁሉ የኋላ ጥርስ አንስተው አንዲት ድፍን ጥርስ ብቻ አሰሩባት። አየህ፣ የዱሮዋ ቁልቁለት ላይ እግርህን አሳርፈህ ትሄድባታለህ። በዚህችኛዋ ግን ጎማው ከዞረ ፔዳሉ ይዞራል፤ ፔዳሉ ከዞረ እግርህ ይዞራል። ማረፍ የለም። ፋሽን ነው አሉኝ። እሺ፣ ይሁን… ዱሮ እረፍት ያጣ ሰው ምስኪን ይባል ነበር፤ አሁን ዘመናዊ ተብሏል።

«ከዚያ ፍሬኑ ላይ ደረሱ።»

የአሰልጣኙ ቀኝ እግር ሳያዘው የወንበሩን የእግር ማሳረፊያ ተጫነ። ልማድ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጦ በእሱ በኩል ያለውን ፍሬን ሲረግጥ ኖሯል። ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንኳ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ መኪና ሲፈጥን እግሩ ምንጣፉን ይጫናል፤ ልጁም ሁልጊዜ ትስቅበታለች። ማሳረፊያው ግን ፍሬን አልነበረም። ወንበሩ በር በሩን እያሳየው አለፈ።

«የፊቱንም የኋላውንም ፈቷቸው። ‹እግር እያለ ፍሬን ምን ያደርጋል?› አሉ። ፔዳሉን በእግር ወደ ኋላ መግታት ነው፣ በቃ፣ ይቆማል አሉ። አንተ ይሄን ሁሉ ዘመን ርገጥ፣ ርገጥ እያልክ ጉሮሮህ ሲደርቅ፣ ለካ ትርፍ ነገር ነው የምታስተምረው! አይክፋህ… እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ወንበር መቆም አለበት ብዬ አምን ነበር።

«ቁጠባቸውንስ? እሱን ሳላነሳ ባልፍ እግዜር ይፈርድብኛል። ሱቅ አልሄዱም። ምን ሊያደርጉ? ሁሉ ነገር ከዚሁ ቤት ተገኘ። ጥርሷ ከካቴናው ጋር ቀጥ እንድትል ስሯ የሚገባ ሮንዴላ ጎደላቸው፤ ያ ቧንቧ ስንት ሮንዴላ በከንቱ ይዞ ይኖር ነበር! ወሰዱለት። ይሰማሃል አይደል ውሃው? እሱም እንደ ወንበሩ ነው፣ አይቆምም… እዚህ ቤት የሚቆም ነገር ቢኖር ገበያው ብቻ ነው። እግርን ከፔዳል ጋር የሚያስር ጠፍር አስፈለጋቸው፤ ምላጭ የምስልበት ቆዳ ለሁለት ተሰነጠቀላቸው። ልክክ አለ! ታዲያ ይሄን ምላጭ በምን ሳልከው ካልከኝ… አልሳልኩትም። አትንቀሳቀስ።»

አሰልጣኙ አልተንቀሳቀሰም። ምላጩ አገጩ ስር ነበር።

«አሁን ደግሞ ዋናው ነገር። ያቺ ጥርስ ዞራ ዞራ እንዳትፈታ ከላይ የሚቆልፋት ቀለበት ያስፈልጋል። ቀለበት የፈለገ ሰው የት ይሄዳል? እኔና አንተ በጊዜያችን ወርቅ ቤት ነበር የሄድነው… ሞኞች ነበርን። እሳቸው መጥተው እዚህ ወንበር ስር ተንበረከኩ። ቀለበትና መንበርከክ አንድ ላይ ሲመጣ ደስ አይልም? የወንበሩን አንገት የሚይዘውን ቀለበት ፈተው ብስክሌቷ ላይ ቢያስገቡት፣ ልክ! የወንበር ቀለበት ለብስክሌት ልክ ሲሆን አይተህ ታውቃለህ? ሙያ በልብ ነው ይላሉ፤ የእሳቸው እንኳ በመፍቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ቢገባ ምን ይጎድላል?… ይጎድላል አላልኩም እኮ፤ ጠየቅኩ እንጂ።»

አሰልጣኙ የራሱን ቤት አሰበ። ሳሎኑ ውስጥ ስንት ብሎን እንዳለ አስቦ አያውቅም ነበር፤ አሁን አሰበ። የአልጋው፣ የቁም ሳጥኑ፣ የማስተማሪያ መኪናው። ወንበሩ ሲያደርሰው በጥርጣሬ የወጣቱን ኪስ አየ።

«የሙከራው ዕለት አለመኖርህ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ብስክሌቷ ከወዲያ ማዶ መጣች። ላይዋ ላይ ያለው ፍጡር እግሩ በጠፍር ታስሯል፤ ቢያዘገይ ይወድቃል፣ ቢፈጥን አይቆምም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማለች። ‹እንደምን አደርክ?› አለችው። ‹እግዚአብሔር…› ብሎ አለፈ። ‹ይመስገን›ን ሰፈሩን ዞሮ መጥቶ ነው የጨረሰላት። በሚቀጥለው ዙር ‹እናትሽ ተሻላቸው?› አለ። በሚቀጥለው ‹ተሽሏታል› ተባለ። በሚቀጥለው ‹ሰላም በያቸው›። ሴትዮዋ እስካሁን በየደረሰችበት ታመሰግናለች፤ ለሰላምታ ብሎ እየተመላለሰ የሚመጣ እንዲህ ያለ ትሁት ወጣት በዚህ ዘመን አለ ወይ እያለች! ቁሞ ማውራት አቅቶት ነው ብዬ አልነገርኳትም… የሰው ስም ለምን አጠፋለሁ?»

የአሰልጣኙ ሆድ በጨርቁ ስር ተንቀጠቀጠ። እንዳይስቅ ትንፋሹን ያዘ፤ ያልተሳለው ምላጭ ጉሮሮው ላይ ነበር።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እየተባልን ነው ያደግነው። መሄዱንስ ሄደ… ማቆሚያውን ማን ያሳየው? በመጨረሻ ድካም ሲያሸንፈው፣ እንደተባለው ፔዳሉን ወደ ኋላ ገታ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የወንበሬ ቀለበት ተፈታች። ጥርሷ ለብቻ፣ ብስክሌቷ ለብቻ፣ ሰውየው ለብቻ ሆኑ። ፍራሽ ሻጩ በሩ ላይ የደረደረው ስፖንጅ ባይኖር ኖሮ፣ ዛሬ አንተ እዚህ የምትመጣው ለፂም አልነበረም። እጅ ብቻ ወለቀ፤ ተመስገን ነው። ፍራሽ ሻጩማ ይኸው ‹ሰው ወድቆ የመሰከረለት› እያለ ይቸበችባል።»

አሰልጣኙ እዚህ ላይ የነገውን መልስ ወሰነ። ውሳኔው ግልጽ ነበር፤ ቤት ሄዶ ከሚስቱ ጋር መማከር አያስፈልገውም። ልጁ ብታለቅስ ታልቅስ። እንዲህ ያለ እጅ የእሱን ቤት ደጃፍ አይረግጥም። እንዲያውም አረፋው እንደተጠረገለት፣ እዚሁ፣ ለአጎትየው ፊት ለፊት ሊነግረው አሰበ።

«ታዲያ እኚያ ባለሙያ ደነገጡ ወይ በለኝ። ኧረ ምን በወጣቸው! ከዳር ቆመው ሰዓት ይዘው ነበር። ሮጠው መጡ። መጀመሪያ ብስክሌቷን አነሱ። ቀጥሎ ቀለበቷን ከፍራሹ ስር ፈልገው አገኙ። ቀጥሎ የወንድሜን ልጅ አዩት። ‹እግርህን ቶሎ ገታኸው› አሉት። እሱም ምን ያለ ይመስልሃል? ‹ይቅርታ› አለ። በወለቀ እጁ!… ታዲያ ይሄ ፍቅር ካልሆነ ፍቅር ምንድን ነው?»

የአሰልጣኙ ፈገግታ እዚያው ቆመ። ከዳር ቆሞ ሰዓት የያዘውና ፍራሽ ላይ የወደቀው አንድ ሰው ሊሆን አይችልም። ወንበሩ እስኪያደርሰው ጠብቆ ወጣቱን አተኩሮ አየው። ወጣቱ ዓይኑን ወደ መጥረጊያው ሰበረ። አሰልጣኙ አፉን ከፈተ፤ ፀጉር አስተካካዩ የሞቀ ፎጣ አለበሰው።

«ጨርሰናል። ፎጣው ትንሽ ይቆይ፣ ቆዳ ያለሰልሳል። የወንድሜን ልጅ ጠባይ ነበር አይደል የጠየቅከኝ? ምን ልበልህ… ዳዶ ከብሎን አይለይም። ብስክሌት ላይ የወጣው እንኳ ባለፈው ወር ነው። ያወጣችውም ልጅህ ናት። ፈቺዋም ገጣሚዋም እሷው ናት፤ ሰኞ ሰኞ እኛ ስንዘጋ ቁልፉን ከእሱ ተቀብላ እዚህ ወለል ላይ መፍቻ ይዛ ትውላለች። እኔማ አባቷ ያውቃል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንተ መስታወት ሳታይ መስመር የማትቀይር ሰው፣ ቤትህ ያለውን ሳታይ ትቀራለህ ብዬ እንዴት ልጠርጥር?… አላወቅህም እንዴ? ወይ ጉድ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ አንተ እንኳ ተላጨህ እንጂ አልተመነጠርክም።

«ሽማግሌ የላክሁት ልጁ አላስቀምጥ፣ አላስተኛ ብሎኝ ነው። እንግዲህ ነገ እሺም በለን፣ እምቢም በለን፣ እኔ ምርቃቴን አልነፍጋትም። እጇ ይባረክ! የፈታችው ይገጠምላት፣ የገጠመችው አይፈታባት! ወልዳ ከብዳ፣ ቤቷ ሞልቶ፣ አንተም የልጅ ልጆችህን ፔዳል ላይ ለማየት ያብቃህ… ታዲያ እንዳትረሳ፤ ቤት እንደገባህ፣ የልጁ አጎት ‹ያሳደገሽ ይባረክ› ብሎሻል በልልኝ።»