በአማርኛ የተጠየቀችው ልጅ

ከጎረቤቱ ወረዳ ከዝቋላ ወደ ሰቆጣ በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ አባትና አንዲት ወጣት መምህርት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያገናኛቸው መንገዱ ነው።

«ልጄን ልዩ ፍላጎት ክፍል ልናስገባት ነው ብለው ከትምህርት ቤቷ ጠሩኝ» አሉ አባት። «የአእምሮ ዝግመት አለባት አሉ።»

«ቤት ውስጥስ እንዴት ናት?»

«እናቷ ታማ ስትተኛ መድኃኒቷን በየሰዓቱ ለይታ የምትሰጣት እሷ ነበረች። እኔ እንኳ እሳሳታለሁ።»

«ታዲያ ምን አይተውባት ነው?»

«ሥዕል እያሳዩ ይሄ ምንድን ነው አሏት፤ ዝም አለች።»

«በምን ቋንቋ ጠየቋት?»

«በአማርኛ ነዋ! ሰቆጣ አክስቷ ዘንድ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። የምታውቀው ኽምጣኛ ብቻ ነው።»

መምህርቷ ወደ አባትየው ዞረች።

«አባቴ፣ እኔም አምና ከክፍሌ አራት ልጆች ወደዚያ ልኬአለሁ።»

«አማርኛ ይችሉ ነበር?»

«አንዳቸውም አይችሉም ነበር። አማርኛ ከሚችሉት ደግሞ አንድም አልላክሁም።»

«መቼም ክፉ አስበሽ አይደለም።»

«አይደለም። ግን በቋንቋቸው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።»

«አሁን ምን ይሻላል፣ ልጄ?»

«ኽምጣኛ የሚችል ባልደረባ አለኝ፤ እሱ እንደገና ይጠይቃት። እኔም አብሬዎት ገብቼ እናገራለሁ።»

«እነዚያ አራቱስ?»

«ከእሷ ቀጥሎ እነሱ ይጠየቃሉ። የላክኋቸው እኔ ነኝ፤ የምመልሳቸውም እኔ ነኝ።»

ሁለቱ አብረው ሲወርዱ፣ ሰቆጣ በሥራ ሰባት ዓመት የኖርኩት እኔ የማውቃቸውን የኽምጣኛ ቃላት በልቤ ብቆጥር የአንድ እጄን ጣቶች እንኳ አልሞሉልኝም።