ታብሌቱ ከነኮተቱ

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለችው ወጣት አንድ ካርቶን አቀበሏት።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አስተማሪ ነኝ ብለሽኝ የለ? እስቲ ይህን ታብሌት እዪልኝ። ባለሱቁ ካልወደዱት ይመልሱት ብሎኛል።»

«ውይ አባባ፣ የኮተቱ ብዛት! ኪቦርድ፣ ማዳመጫ፣ እስክሪብቶ፣ የእጅ ሰዓት...»

«ምርቃት ነው አለኝ።»

«ሰዓቱ እኮ አይበራም። ማዳመጫውም በአንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚሠራው።»

«እኔስ በስንት ጆሮ የምሰማ መስሎሽ ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ።

«ካሜራውም ደብዛዛ ነው አባባ። ይመልሱት።»

«ፎቶ ምን ያደርግልኛል? ባለሱቁ ቁርኣን ጭኖልኛል፤ ፊደሉ ግን እንደ ጤፍ ደቀቀብኝ።»

«እሱማ ቀላል ነው። በሁለት ጣት እንዲህ ይለጥጡት።»

ሽማግሌው ለጠጡት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋ።

«አባባ፣ ያለ መነጽር እኮ ነው የሚያነቡት!»

«አልሐምዱሊላህ! ዓይኔ ከደከመ ወዲህ በቃሌ ብቻ ነበር የምቀራው።»

«በቃልዎ ከያዙት ታዲያ ማንበቡ ለምን አስፈለገዎ?»

«በቃል መያዝና በዓይን ማየት አንድ ነው እንዴ? አንቺ የእናትሽን ድምፅ በስልክ መስማት ብቻ ይበቃሻል?»

«ኧረ አይበቃኝም።»

«ታዲያ ልመልሰው?»

«እንዳይመልሱት! ሰዓቱን ብቻ ያስቀይሩ።»

«ገለቶሚ ልጄ፣ አላህ ይባርክሽ።»

እኔም ጎባ እንደወረድኩ፣ እናቴ ወዳለችበት ወደ ሪራ የሚሄድ መኪና መፈለግ ጀመርኩ።