ፔጆዋ የምትወጣበት ቀን

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ቅዳሜ ረፋድ። ጡረተኛው አስናቀና ሚስቱ እቴነሽ ግቢያቸው ውስጥ፣ ኮፋኖዋ ወደ ላይ በተከፈተ አሮጌ ፔጆ 404 አጠገብ ቆመዋል።)

አስናቀ፦ የግቢውን በር ቁልፍ አምጪ አልኩሽ እኮ እቴ! ሰውየው መንገድ ላይ ነው።

እቴነሽ፦ የትኛው ሰውዬ?

አስናቀ፦ ፔጆዋን የሚገዛው ነዋ! ትናንት ነግሬሽ የለ?

እቴነሽ፦ ትናንትማ አንድ ነገር አጉረምርመህ ወደ ግድግዳው ዞረህ ተኛህ። በእንቅልፍ ልብህ የምታወራ መስሎኝ «እሺ» አልኩህ።

አስናቀ፦ እሺ ካልሽ ጨርሰናል። ቁልፉን።

እቴነሽ፦ አልሰጥም።

አስናቀ፦ አቦ! ይሄን የምትዪው አንቺ ነሽ? ከገባች ቀን ጀምሮ «ይሄን ሬሳ መቼ ነው የምታወጣልኝ» ስትዪ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ?

እቴነሽ፦ ነኝ። አሁንም ሬሳ ናት። ሬሳ ደግሞ አይሸጥም።

አስናቀ፦ ቀልዱን ተዪው።

እቴነሽ፦ ማን ቀለደ? ለዚች ቆርቆሮ ስትል ቬንትሌተሬን ሸጠህ ካርቡራተር ገዛህላት። በዚህ በድሬ ሙቀት እኔ በካርቶን ቁራጭ እያራገብኩ ስተኛ፣ እሷ አየር የምትስብበት ተገዛላት። ዝም አልኩ።

አስናቀ፦ ዝም አልሽ? አንቺ? ሰፈሩ ሁሉ ነው የሰማው!

እቴነሽ፦ ለእኔ ያ ዝምታ ነው። የአልጋ ልብሴን አለበስካት። የወጥ ቤት ሳፋዬ ውስጥ የሞተሯን ካንዴላ ዘፈዘፍክ። ከሽሮዬ ውስጥ ብሎን አውጥቼ፣ አጥቤ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጥልህ «ተመስገን፣ ስፈልጋት ነበር» ብለህ ኪስህ ከተትካት። ይቅርታ እንኳ አላልክም።

አስናቀ፦ የበሯ ማጠፊያ ብሎን ነበረች። ድሬ ሙሉ ዞሬ ያጣኋት!

እቴነሽ፦ ሽሮዬን ሳትጠይቅ ቀርተህ ነዋ።

አስናቀ፦ ይኸው፣ ዛሬ ከዚህ ሁሉ ልገላግልሽ ነው። መሬትሽ ይጸዳል፣ ግቢሽ ይሰፋል። ምን ትፈልጊያለሽ ከዚህ በላይ?

እቴነሽ፦ የምትገላግለው እኔን ነው ወይስ በዛብህን ፈርተህ ነው?

አስናቀ፦ በዛብህን ማን አነሳው?

እቴነሽ፦ እሁድ ዕለት ጓደኞችህን ሰብስበህ፣ እዚች ኒም ዛፍ ሥር ወንበር ደርድረህ «ዛሬ ትነሳለች» አልክ። ያውም ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ! ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሞተር የሚያስነሳ ሰው በዕድሜዬ አንተን አየሁ።

አስናቀ፦ ተነስታለች እኮ! ለትንሽም ቢሆን ተነስታለች።

እቴነሽ፦ አስነጠሰች ነው የሚባለው። አስነጠሰችና ጢሷን ለቀቀችው። ጢሱ ሲገፈፍ አንተ ጥላሸት ለብሰህ ቆመሃል፣ በዛብህ ሆዱን ይዞ ከወንበሩ ወርዷል።

አስናቀ፦ «ለዶሮ ቤት ትሆናለች፤ መስኮትም አላት» አለኝ። ሰው ሁሉ ፊት።

እቴነሽ፦ ሰምቻለሁ።

አስናቀ፦ ሰምተሽ ነው ሻይ የደገምሽለት?

እቴነሽ፦ ሻዩን ከጠጣ በኋላ በር ድረስ ስሸኘው ያልኩትን አልሰማህም። «እቺን መኪና የምሰድባት እኔ ነኝ» አልኩት። «በላብ የከፈልኩባት እኔ ነኝ። አንተ ምን አውጥተህ ነው አፍህን የምትከፍተው? እስቲ እስከ ዛሬ አንዲት ብስክሌት ፈተህ ገጥመህ ታውቃለህ?» ከዚያ ወዲህ በዚህ በር ሲያልፍ አይተኸዋል?

አስናቀ፦ እኔማ የታመመ መስሎኝ ነበር።

እቴነሽ፦ ታሟል። ያሳመምኩት እኔ ነኝ።

አስናቀ፦ ስሚ እቴ፣ ነገሩ በዛብህ አይደለም። ቴስታታው ተሰንጥቋል። ይሄ፣ ይሄ የሞተሩ ክዳን። አዲስ አበባ ልኬ፣ አስበይጄ ያስመጣሁት እኮ ነው! እንደገና ሌላ መፈለግ፣ እንደገና መፍታት፣ እንደገና ስልክ መጠበቅ። ድሮ ወፍ ሳይንጫጫ ነበር የምነሳው። አሁን ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ፀሐይ ትወጣብኛለች። ካቻቢቴውን ሳየው ፊቴን አዞራለሁ። አለቀ በቃ። እሷ አይደለችም ያለቀችው፣ እኔ ነኝ።

እቴነሽ፦ እሰይ! እና አሁን ልትተኛ ነው?

አስናቀ፦ ላርፍ ነው። ጡረተኛ አይደለሁ? እንደ ሰው ቁጭ ብዬ አርፋለሁ። አንቺንም በቤት ሥራ አግዝሻለሁ።

እቴነሽ፦ በስመ አብ!

አስናቀ፦ ምነው?

እቴነሽ፦ ጡረታ የወጣህ ሰሞን «ላግዝሽ» ብለህ ያደረግከኝን ረሳኸው? ሽንኩርት ስከትፍ ጎኔ ቆመህ «አያያዝሽ ልክ አይደለም» ትለኝ ነበር። የቅመም ብልቃጦቼን በቁመታቸው ደርድረህ፣ ጨው መስሎኝ ስኳር ወጥ ውስጥ ጨምሬ እንግዳ ፊት አሳፈርከኝ።

አስናቀ፦ ሥርዓት ነበር ያስያዝኩልሽ። ዕድሜ ልኬን መጋዘን የመራሁ ሰው ነኝ።

እቴነሽ፦ እኔ ደግሞ መጋዘን አይደለሁም።

አስናቀ፦ ቁልፉን አትሰጪኝም? ተዪው፣ የበሩን ሰንሰለት ከነማጠፊያው እፈታዋለሁ።

እቴነሽ፦ በየትኛው እጅህ?

አስናቀ፦ ምን ማለትሽ ነው?

እቴነሽ፦ በየትኛው እጅህ ነው የምትፈታው? አሳየኝ እስቲ። ቀኙ ነው አይደል? ከሆስፒታል የወጣህ ጊዜ ይሄ እጅ ምን ይመስል ነበር?

አስናቀ፦ እሱን አታንሺብኝ።

እቴነሽ፦ አነሳዋለሁ። ስትሮኩ መትቶህ ስትወጣ ማንኪያ ከእጅህ ይሾልክ ነበር። ያጎረስኩህ እኔ ነኝ፣ ሸሚዝህን የቆለፍኩልህ እኔ ነኝ። ሰው ሊጠይቅህ ሲመጣ እጅህን ትራስ ሥር ትደብቀው ነበር፤ የተሰረቀ ዕቃ ይመስል።

አስናቀ፦ ተሽሎኝ የለ? ፊዚዮቴራፒው አዳነኝ።

እቴነሽ፦ የቱ ፊዚዮቴራፒ? ሁለቴ ሄደህ «ሕፃን ነኝ ወይ ኳስ የምታስጨብጡኝ» ብለህ ያቋረጥከው? ኳሱን በመስኮት ወርውረኸው የለ? እሱንም በግራ እጅህ!

አስናቀ፦ ታዲያ በምን ዳንኩ?

እቴነሽ፦ እዚህ ኮፋኖ ሥር ተደፍተህ ነዋ! በከዘራ እየተጎተትክ ስትሄድ እሷን አንድ ግቢ ውስጥ አየሃት። ጎማ የላት፣ መስታወት የላት፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ፍየል ወልዳባት። አንተም ያው ነበርክ፤ ተዛመዳችሁ። አስጎትተህ አመጣሃት። ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማሃለሁ፤ ብሎኗ ትወድቃለች፣ ትሳደባለህ፣ ታነሳታለህ። ደግሞ ትወድቃለች፣ ደግሞ ትሳደባለህ። ስንት ወር! አንድ ቀን ድምፅ ጠፋ። ወደቀ ብዬ ሮጬ ብወጣ፣ ያቺን ሚጢጢ ብሎን በሁለት ጣትህ ይዘህ ታጠብቃለህ። ላብህ ከአፍንጫህ ጫፍ ይንጠባጠባል። አላየኸኝም።

አስናቀ፦ አይቼሻለሁ። «ዛሬም ያቺን ሬሳ ታሻታለህ?» ብለሽኝ ነው የገባሽው።

እቴነሽ፦ ታዲያ ምን ልበል? እልል ልበልልህ?

አስናቀ፦ «በርታ» ብትዪኝ ምን ነበረበት? አንድ ቀን እንኳ! ሰው እኮ ሲሰደብ ውሎ ሲሰደብ ሲያድር ይደክመዋል።

እቴነሽ፦ ሐኪሙም እንደዚያ ነበር ያለኝ። «አበረታቺው» አለኝ። እኔም አምኜ፣ ያንን ኳስ ይዤ አልጋህ ጫፍ ተቀምጬ «በርታ የኔ ጌታ» አልኩህ። ምን አደረግክ?

አስናቀ፦ አላስታውስም።

እቴነሽ፦ ታስታውሳለህ። አለቀስክ። «አዘንሽልኝ» ብለህ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስክም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይሄ ሰው በምስጋና አይነቃነቅም፣ በእልህ ነው። «ይቺ ቆርቆሮ እኔ ከሞትኩ በኋላ ነው የምትነሳው» ያልኩህ ቀን ምሳህን ሳትጨርስ አይደል ካቻቢቴ ያነሳኸው?

አስናቀ፦ ሆን ብለሽ ነበር?

እቴነሽ፦ ግማሹን። ግማሹን ከልቤ ነው። ቬንትሌተሬን መቼም አልረሳልህም።

አስናቀ፦ እኔ እኮ የምትጠያት ነበር የሚመስለኝ።

እቴነሽ፦ እጠላታለሁ! ግን እሷን መች አየኋት? ሳይ የኖርኩት እጅህን ነው። እኔም እኮ ደክሞኛል አስናቀ። የደከመህ አንተ ብቻ አይደለህም። የዘይቱ ሽታ ትራሴ ድረስ ገብቷል። ቢሆንም ያ ከሆስፒታል መልስ ግድግዳ ግድግዳ የሚያየው ሰውዬ ተመልሶ አልጋዬ ላይ ከሚተኛብኝ ይቺ ሬሳ ግቢዬ ውስጥ ትሽተት።

አስናቀ፦ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። አትክልት እተክላለሁ።

እቴነሽ፦ አንተ? የተከልካትን ሎሚ «ሥር ሰድዳ ይሆን?» ብለህ በሳምንቷ ነቅለህ ያየሃት ሰውዬ?

አስናቀ፦ እና ምን ላድርግ? ንገሪኛ! ቴስታታው ተሰንጥቋል እያልኩሽ! ከየት ልጀምር?

እቴነሽ፦ እኔ መካኒክ ነኝ? ተሰነጠቀ የተባለውን ፈተህ አውጣው። ሙሉ መኪና ሥራ ማን አለህ? እስከ ምሳ ያንን ክዳን ማውረድ አቅቶህ ነው? አውርደው፣ ብላ፣ ተኛ። የነገውን ነገ ትሳደባለህ።

አስናቀ፦ ለአንቺ ቀላል ነው። ለማንኛውም ቃል ሰጥቻለሁ። ደላላው ገዢው መኪና ወዳድ ነው ብሎኛል፤ አሮጌ ፔጆ እየፈለገ የሚያሳድስ ሰው። እኔ ካቃተኝ እሱ ይጨርሳታል። ቢያንስ አንድ ቀን መንገድ ላይ ስታልፍ አያታለሁ።

እቴነሽ፦ ይሄን ደላላ ነገረህና አመንክ? የኔን «በርታ» ያላመንክ ሰውዬ?

አስናቀ፦ ዝም በዪ! ክላክስ ነው። መጣ።

እቴነሽ፦ ቆይ፣ በበሩ ስንጥቅ ልየው። እንዲያው መኪና የሚወድ ሰው መልኩን ልይ።

አስናቀ፦ እሺ፣ ምን ይመስላል?

እቴነሽ፦ አይሱዙ ይዞ ነው የመጣው። ሠራተኞችም አሉት። ከኋላ የተጫነው ያ ረጅሙ ብረት ምንድነው? ያ እሳት እየተፋ ብረት የሚቆርጡበት?

አስናቀ፦ ኦክስጅን? ለማሳደስ ከሆነ እዚህ ድረስ ኦክስጅን ምን ያደርግለታል?

እቴነሽ፦ ሚዛንም አለው። ትልቅ፣ ማኛ ጤፍ የሚመዘንበት ዓይነት።

አስናቀ፦ ምን ሚዛን?

እቴነሽ፦ ስማው፣ ለሠራተኞቹ ሲናገር። «በሩ ለአይሱዙው ጠባብ ነው፣ እዚሁ ቆራርጠን ብንጭናት ይሻላል» እያለ ነው።

አስናቀ፦ ተይ እቴ! እኔን እልህ ለማስያዝ ነው።

እቴነሽ፦ ና ራስህ እይ። እኔ ሰድቤያት አውቃለሁ እንጂ ዋሽቼባት አላውቅም።

አስናቀ፦ እስቲ ዞር በዪ። ኧረ ጉድ! በኪሎ! እቺን በኪሎ ሊወስዳት! ያንን የፊት ላሜራ እኮ እንደ ሕፃን ራስ በመዶሻ እያባበልኩ ነው ያቃናሁት! በሮቿ ሲዘጉ የሚያሰሙትን ድምፅ ሰምቶ ያውቃል? ሚዛን! ሚዛን ይዞ ሰው ቤት ይመጣል? ምን ዓይነት ባለጌ ነው?

እቴነሽ፦ ቀስ በል፣ ይሰማሃል። እያንኳኳ ነው፤ «መኪናዋ የታለች?» ይላል። ምን ልበለው?

አስናቀ፦ የለችም በይው፤ ሐረር ወጥታለች!